የ«አፋችን» የቃል ፈተና

በዚያ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ከሩቅ አገር መጥተው የሚኖሩት ቤተሰቦች ሁሉ አንዲትን ልጅ «አፋችን» ብለው ይጠሯት ነበር። ስሙን ያወጡላት በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። እኒህ ሰው በአገራቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እዚህ ግን የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሆነው ስለሚሠሩ «ስነዳው የኖርኩትን አሁን ቆሜ አየዋለሁ» እያሉ በራሳቸው ላይ ይቀልዱ ነበር።

ልጅቱ ከእናቷ ጋር ወደዚህች ከተማ የመጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ከጉዟቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ ስላረፈ፣ ሻንጣውንም ኀዘኑንም የተሸከሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የአገሩን ቋንቋ ከእናቷ ቀድማ ለመደች፤ ይህም የልጅ ጆሮ ጸጋ እንጂ የተለየ ብልጫ አልነበረም። በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጣላት ቻለች፤ በሁለተኛው ደግሞ በደንብ ተናግራ መታረቅ ቻለች። ከዚያ ወዲያ የሕንጻው ነዋሪ ጉዳይ ሁሉ በእሷ አንደበት ያልፍ ጀመር። የክሊኒክ ቀጠሮ ቢሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሆን፣ የተበላሸ ማሞቂያ ቢሆን «እስቲ አፋችንን ጥሩልኝ» ይባላል። የቤት ሥራዋን በመጠበቂያ ክፍል ወንበር ላይ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መሥራት የለመደችው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ሹፌሩ የመንጃ ፈቃዳቸውን ለማስመዝገብ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ይዘዋት ሄዱ። ጸሐፊው ለአራተኛ ጊዜ ሌላ ወረቀት እንዲያመጡ ሲነግራቸው፣ ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ይኼ ደንቆሮ ዕድሜዬን ሊጨርሰው ነው» ሲሉ አጉረመረሙ። ልጅቱም ቀጥ ብላ ቆማ፣ በፍጹም አክብሮት፣ «እርስዎ ደንቆሮ ነዎት፤ ዕድሜዬንም ሊጨርሱት ነው ይላሉ» ብላ ተረጎመች። ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ እሷን አየ፤ ቀጥሎም ሹፌሩን አየ፤ በመጨረሻ ሳቁ አሸንፎት በወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታበት።

«አንቺ ልጅ፣ ልታሳስሪኝ ነበር እኮ» አሏት ደረጃውን ሲወርዱ።

«ያሉትን ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«እሱማ ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው።»

ወሬው ቤት ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ፣ በላውንደሪው፣ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ወደ ካውያ ስታስገባ ውላ የደከማትን እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ «ደግ አደረግሽ» አለቻት። «ሰው አምኖሽ በአንቺ አፍ ሲናገር ያለውን ብቻ በይ። ከራስሽ አትጨምሪ፤ የከበደሽንም አትጣይ። የአንቺን ሐሳብ የጠየቀሽ የለም።»

ይህ ትእዛዝ በቦታው እጅግ ትክክለኛ ነበር። ልጅቱም ለዓመታት አጥብቃ ያዘችው። የባልና ሚስት ጠብ ስታስተረጉም ለአንዱ አላደላችም፤ የሐኪም ክፉ ዜና ስታደርስ ቃሉን አላለዘበችም። ሰዎች ይተማመኑባት የነበረውም በዚህ ነው። ሆኖም መልካም ልማድ የሚያበቃበትን ድንበር ካላስተማሩት፣ ባልተጠራበት ቤት ገብቶ ማዘዝ ይጀምራል። የልጅቱም መከራ ከዚህ መጣ።

በሃያ ዓመቷ የሕግ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከሕንጻው ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቿ ዳኛ አባት ወይም ጠበቃ አክስት ስላላቸው ማንም ያልነገራቸውን ያውቁ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የንባብ ዝርዝር አንብበው መጡ፤ እሷ ግን የተቀረጸ እርሳስና ነጭ ደብተር ይዛ ተገኘች። መምህሩ ስለ ሦስተኛው ጉዳይ ሲጠይቅ፣ የመጀመሪያው መቼ እንዳለፈ አታውቅም ነበር። ሰሌዳ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀችው በሳምንቱ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ከእናቷ ጋር በላውንደሪው አንሶላ ታጥፋለች። በሌሎቹ ቀናት ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ትማራለች። የሕግ መጽሐፏን የካውያው እንፋሎት እንዳያርሰው በፕላስቲክ ሸፍናዋለች፤ ያልገቧትን ቃላት ደግሞ የአንሶላ ማሸጊያ ካርቶን ቆራርጣ እየጻፈችባቸው በኪሷ ትይዛለች። ቋንቋውን እንደ አገሬው ትናገረው ነበር፤ ነገር ግን የሕጉ ቋንቋ የምታውቃቸውን ቃላት ሌላ ልብስ አልብሶ ያመጣባት ነበር። በጽሑፍ ፈተና እየታገለች አለፈች። በክፍል ውስጥ ግን እጇን አውጥታ አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት የቃል ፈተናው ደረሰ። ደንቡ አጭር ነው፤ ይህን ፈተና ሁለት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል፤ ሦስተኛ ዕድል የለውም። ፈታኟ ተማሪዎች «ሚዛን» የሚሏቸው፣ ጠጉራቸው የነጣ መምህርት ነበሩ። አጠገባቸው ማስታወሻ የሚይዝ ረዳት ይቀመጣል።

ጥያቄው ስለ አደራ ነበር። አንዲት ሴት ጉዞ ስትሄድ የልብስ ስፌት መኪናዋን ለጎረቤቷ በአደራ ትሰጣለች። ዝናብ ጣሪያውን ያፈሳል፤ ጎረቤትየው አስቀድሞ የራሱን አልጋ ያሸሻል፤ መኪናዋ ግን ርሳ ትዝጋለች። ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?

ልጅቱ የሴትዮዋን ክርክር አቀረበች፤ ሴትዮዋ ራሷ ብትመጣ ከዚህ የተሻለ አትናገርም። የሰውየውን ክርክር አቀረበች፤ ሰውየው ቢሰማት በደስታ ያለቅስ ነበር። ከዚያም ዝም አለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ ሚዛን።

«ሴትዮዋ የምትለው…»

«ሴትዮዋን ሰማናት። አንቺስ?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ቃል የነበረው ያ አፍ የገዛ ራሱን ቃል ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ረዳቱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቃት። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ብስክሌት ሲያስር ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይተው መምህርቷ መዝገቡን ከደኑት። በውጤቷ ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የሁለቱንም ወገን ክርክር በሚገባ አቅርባለች፤ የራሷን ፍርድ ግን አልሰጠችም።» ከሥሩ «ወድቃለች» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውና የመጨረሻው ፈተና ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

በማግስቱ ወደ መምህርቷ ቢሮ ሄደች።

«ምን ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

«የተሳሳተ ነገር ተናግሬ እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

«አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገርሽም። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ተናገርሽ፤ አንቺ ግን በዚያ ውስጥ አልነበርሽም።» መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከትምህርት ሌላ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንሶላ አጥፋለሁ። ለእናቴና ለጎረቤቶቼ ደግሞ አስተረጉማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

«እንግዲህ ገባኝ» አሉ መምህርቷ። «የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሰባት ሳምንት በኋላ አስተርጓሚዋን ቤት ትተሻት ነይ።»

ቤት ስትደርስ እናቷን ከሹፌሩ ጋር ተቀምጣ አገኘቻት። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ምን ጠየቁሽ?» አለች እናቷ።

«ምን እንደማስብ።»

«እና ምን ታስቢያለሽ?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

ሹፌሩ ጉንጫቸውን አሹ። «አንቺ የዚህን ሕንጻ ሁሉ ሐሳብ ተሸክመሽ ስትዞሪ የራስሽን የት ጣልሽው? ቆይ፣ እኔ ልፈትንሽ። ሚስቴ መስኮት ይከፈት ትላለች፤ እኔ ይዘጋ እላለሁ። ማን ነው ልክ?»

ልጅቱ ሳታስበው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የሚስታቸውን የአየር ጉዳይ አስረዳች፤ የሳቸውን የወገብ ሕመም አስረዳች፤ ከዚያም እንደ ልማዷ ዝም አለች።

«ተይው፣ ተሸነፍኩ» አሉ ሹፌሩ። «ሚስቴ ራሷ እንዲህ አሳምራ አታውቅም። ግን ማን እንዳሸነፈኝ ንገሪኝ፤ ሄጄ ልክፈተው ወይስ ልዝጋው?»

እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ልጅቱ ግን አልሳቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት ለእናቷ ደብዳቤ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታሉ ላውንደሪ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ወገን የቆሸሸው ይገባል፤ በሌላው ወገን የታጠበው ይወጣል። እናቷ የምትሠራው በንጹሑ ወገን ነው። ከአንዲት የአገሯ ሴት ጋር አንሶላውን በአራት ጫፍ ይዘው ወደሚሽከረከረው ትልቅ ካውያ ያስገባሉ። አዲሱ ኃላፊ ግን በካውያው ላይ ቆጣሪ አስገጠመ፤ ቆጣሪው በቀይ ቁጥር በሰዓት ስንት አንሶላ እንደገባ ያሳያል። የእናቷ ቁጥር ዘወትር ዝቅተኛው ነበር፤ እያንዳንዱን አንሶላ ከማስገባቷ በፊት በመዳፏ ትዳስሰዋለችና። በታጠበ አንሶላ ውስጥ የቀረ መርፌ ባልደረባዋን ከወጋት ጀምሮ እንዲህ ማድረግ ጀምራለች፤ ማንም አላዘዛትም። ደብዳቤው ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በኃላፊው ፊት ቀርባ እንድታስረዳም ይጠይቃል።

«ነይና ተርጉሚልኝ» አለቻት እናቷ። «ይቅርታ፣ ከእንግዲህ እፈጥናለሁ፤ እሱን ብቻ ነው የምለው።»

«ስለ መርፌውስ?»

«ያልኩሽን ብቻ።»

ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሰጣቸው፤ የእናቷንም ጤንነት ጠየቀ። እናቷ ያሰበችውን ተናገረች። ልጅቱም ቃል በቃል ተረጎመች፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከእንግዲህ እፈጥናለሁ።» ኃላፊው ይህን ጽፎ ወረቀቱን ለፊርማ ወደ እናቷ ገፋው። «ሠራተኛዋ ጥፋቷን አምናለች» ይላል።

ልጅቱ ወረቀቱን አነበበች። ከኃላፊው ራስ በላይ፣ በመስታወት የተሸፈነ የሥራ ደንብ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ስታልፍ መቶ ጊዜ አይታው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላነበበችውም። አራተኛው መስመር «ማንኛውም አንሶላ ወደ ካውያ ከመግባቱ በፊት ስለት ያለው ነገር በውስጡ አለመኖሩ ይረጋገጥ» ይላል። እናቷ ይህን ማንበብ አትችልም፤ ሳታነብ የፈጸመችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

«የእናቴ ቃል እዚህ ላይ አበቃ» አለች ልጅቱ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ። «አሁን የምናገረው የእኔ ነው።»

ኃላፊው ቀና አለ። «አንቺ የመጣሽው ልታስተረጉሚ ነው።»

«አዎን፤ እሱን ጨርሻለሁ። እናቴ የምትዘገየው ከጀርባዎ ያለውን አራተኛውን ደንብ ስለምትፈጽም ነው። ይህ ጥፋት ተብሎ ሊፈረምበት የሚገባ አይመስለኝም።»

ኃላፊው ዘወር ብሎ አነበበ። ለረጅም ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ አንድ መስመር የሚበልጥ ነገር የተጻፈበት ይመስል። ከዚያም ወረቀቱን ወደ ራሱ መልሶ «ይህ ለጊዜው ይቆይ» አለ።

ወደ ቤት በሚመልሳቸው አውቶቡስ ውስጥ የልጅቱ ልብ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። እናቷ ግን ሁለት ፌርማታ ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ስጭኝ ብዬሽ ቁም ሣጥን ይዘሽ መጣሽ» አለች በመጨረሻ።

«እማዬ፣ ልትፈርሚ ነበር እኮ።»

«ልፈርም ነበር፤ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ። ምን አልሽው?»

ልጅቱ ነገረቻት። ስለ አራተኛው መስመር ስትሰማ እናቷ ወደ እሷ ዞረች።

«እንዲህ የሚል ነገር ተሰቅሏል?»

«ተሰቅሏል።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም? አጠገብሽ ነበርኩ። ክንዴን ነክተሽ ‹እማዬ፣ ይህን አየሁ፤ ልበለው ወይ?› ብትዪኝ ምን ይጎድልሽ ነበር?» ድምፅዋን አላነሣችም። «ነገ እነዚያ ሴቶች ሁሉ ‹ዳስሱ› ይባላሉ። ቆጣሪው የሁሉንም ያወርደዋል። ማንን የሚያሙ ይመስልሻል? አንቺን አይደለም፤ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ። ጥሩ ነገር አደረግሽልኝ፤ በእኔ ላይ ግን አደረግሽው።»

«ይቅርታ፣ እማዬ።»

«ይቅርታሽን አልፈለግሁም። አሁን ያልኩሽን አስቢበት።»

እናቷ እንዳለችውም ሆነ። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያው ተሰረዘ፤ በካውያው ላይ የሚቆሙ ሁሉም እንዲዳስሱ ታዘዙ፤ ከሴቶቹም አንዳንዶቹ ለእናቷ ሰላምታ መስጠት ተዉ። ከዚያ አንዲት ባለ ካውያ ከትራስ ልብስ ውስጥ የተሰበረ መርፌ አወጣች፤ ሰላምታውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ልጅቱ ይህን ሁሉ እያየች፣ በአውቶቡሱ የተነገራትን እያላመጠች ቀሪዎቹን ሳምንታት አጠናች። ያነበበችውን ጉዳይ ሁሉ ከጨረሰች በኋላ በካርቶኗ ላይ አንድ መስመር በግድ ትጽፋለች፦ «እኔ ግን እንዲህ እላለሁ።» መጀመሪያ ላይ መስመሩ ባዶውን ይቀር ነበር። በኋላ ሞላ። ስሕተትም ይሞላው ነበር፤ ቢሆንም የራሷ ስሕተት ነው።

የፈተናው ቀን ሚዛን ያንኑ ወንበር ይዘው፣ ረዳቱም ያንኑ እስክሪብቶ ይዞ ጠበቋት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ሳለ በተዘጋ ቤቱ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ይፈነዳል። ጎረቤቱ ማንም ሳያዘው በሩን ሰብሮ ይገባና ውኃውን ይዘጋል። የተሰበረውን በር በሽቦ አስሮ ይሄዳል። ትክክለኛው የባለቤቱ ስልክ ቁጥር እጁ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ለሦስት ቀን አልደወለም። በሦስተኛው ቀን ሌባ ሽቦውን ፈትቶ ሬዲዮ ይሰርቃል። ባለቤቱ በሩንም ሬዲዮውንም ተካ ይለዋል።

ልጅቱ የባለቤቱን ክርክር አቀረበች። የጎረቤቱንም አቀረበች። ከዚያም አንድ ጊዜ ተነፈሰች።

«በእኔ ፍርድ» አለች፣ «ስለ በሩ አይጠየቅም። ባይሰብረው ኖሮ ቤቱ ሁሉ ይበላሽ ነበር። ስለ ሬዲዮው ግን ይጠየቃል።»

«ደግ ሥራ የሠራ ሰው ይቀጣ ነው የምትይው?»

«አይደለም። ደግ ሥራው አላለቀም ነው የምለው። ሳይጠራ በሰው ጉዳይ የገባ ሰው ለባለጉዳዩ መንገር አለበት። ቢደውልለት ኖሮ ባለቤቱ በሩን የሚያሠራለት ሰው ይልክ ነበር።»

«በመጽሐፉ ያሉት ብዙዎቹ ፍርዶች ወደ ጎረቤቱ ያጋድላሉ፤ አንብበሻቸዋል?»

«አንብቤያቸዋለሁ። በእነዚያ ሁሉ ባለቤቱ የማይገኝ ነበር። ይህኛው ይገኝ ነበር።»

መምህርቷ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ከየት አመጣሽው?»

«ሐሳቡ የእኔ ነው» አለች ልጅቱ፤ ጥቂት አሰበችና ደግሞ፣ «ያስተማረችኝ ግን እናቴ ናት፤ በአውቶቡስ ውስጥ ተቆጥታ።»

ረዳቱ ፈገግታውን ለመደበቅ አቀርቅሮ ጻፈ። ሚዛን አልሳቁም። አከታትለው አምስት ጥያቄ ጠየቋት፤ በሁለቱ ረቷት፤ በሦስቱ አልረቷትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ወረቀቷን ተቀበለች። «አልፋለች» ይላል። ነጥቡ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ከሥሩም «ስትናገር ትቸኩላለች፤ ይህን ታርም» የሚል ነገር ሰፍሯል። ለራሷ አንድ ጊዜ፣ ለመተማመኛ ደግሞ ሌላ አንድ ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ላውንደሪው ሄደች። ገና እኩለ ቀን ስለነበር እናቷና ባልደረባዋ በካውያው ፊት ቆመው ነበር።

«አለፍኩ» አለች።

እናቷ የያዘችውን አንሶላ ጫፍ ሳትለቅ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ዕንባ አልነበረባትም። «ምን ጠየቁሽ?» አለቻት።

ልጅቱ ስለ ቧንቧው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሬዲዮውና ስለ ሰጠችው ፍርድ አንድ በአንድ ተናገረች።

«ሰውየው ለሬዲዮው ይጠየቅ አልሽ?» እናቷ ግንባሯን ቋጠረች። «እኔ አልስማማም። ምስኪን፣ ሽቦ አስሮ ሄዷል፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«ይደውላ።»

«ቢፈራስ? በር የሰበረ ሰው መደወል አይፈራም?»

«መፍራቱ አይገርመኝም። ቢሆንም መደወል ነበረበት።»

«እኔ ብሆን በሩንም አስተካው ነበር» አለች ባልደረባዋ ከአንሶላው ማዶ። «ቧንቧ ፈነዳ እያለ የሰው በር የሚሰብር ስንት አለ።»

«አንቺ ደግሞ ጨካኝ ነሽ» አለቻት እናቷ፤ ወደ ልጇም ዘወር ብላ፣ «እሺ፣ ፍርሃቱ ይቅር። ቁጥሩስ የቆየ ቢሆን?»

«አይደለም፣ እማዬ። ጉዳዩ ላይ ‹ትክክለኛው ቁጥር› ይላል።»

«ጉዳዩን የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ከሰውየው ጋር አልተነጋገሩም።»

ካውያው ባዶውን ይሽከረከራል። ቀዩ ቁጥር ካለበት አልተነቃነቀም። ኃላፊው በመስታወቱ በኩል ብቅ ብሎ አያቸውና ተመለሰ። እናቷ አንሶላውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛውራ፣ እግሯን አደላደለች።

«እንግዲህ ሁለተኛውን ነጥቤን ስሚ» አለች።